በልጅቷ መዳፍ ይለካ

ወገኖቼ፣ ትንሽ ጸጥ በሉልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያፈንኩት ብሶት አለብኝ፤ ዛሬ ካልተነፈስኩት ነገ የምወቅሳቸውን ሰው አላገኛቸውም።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ሲስተር ወደ ቃጠሎ ጽኑ ሕሙማን ክፍላችን የመጡ ዕለት የተቀበልኳቸው እኔ ነበርኩ። "ይቀመጡ" ብዬ ወንበር ሳብኩላቸው። ተቀመጡ? ወጥተው ቆሙበት እንጂ! የግድግዳውን ሰዓት አወረዱና፣ "ይሄ አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። በዚህ ነው የሞት ሰዓት የምትመዘግቡት?" አሉን። ስማቸውን እንኳ ገና አልነገሩንም።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚባል ነገር አላየንም። "እንደገና" የሚል ቅጽል ስም ያወጣንላቸው ወደን አይደለም። ቁስል ስንጠቀልል እንደገና፣ ሽንት ስንለካ እንደገና። ጥናቱንማ ተዉት! ከክፍላችን የወጡ አራት መቶ ታካሚዎች ኋላ ምን ሆኑ ብለን የጀመርነው፣ በዓመት ያልቃል ያልነው፣ ሦስት ዓመት ፈጀ። እኔ ቅጹ ላይ "ድኖ ወጥቷል" ብዬ እጽፋለሁ፤ እሳቸው ጠረጴዛዬ ላይ መልሰው ይዘረግፉታል።

"ዶክተር፣ ድኖ ስትል ምን ማለትህ ነው? ጣቶቹ ይታጠፋሉ? ሸሚዙን ራሱ ይቆልፋል?"

"ኧረ ሲስተር! ጥናቱ የሚጠይቀው በሕይወት አለ ወይስ የለም ብቻ ነው!"

"እንግዲያው እኔ ደውዬ እጠይቃለሁ።"

አራት መቶውም ቤት ደወሉ። ከአንዱ ጋር ስለ ሸሚዝ ቁልፍ ብቻ አርባ ደቂቃ! እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጸጉሬን እነጫለሁ። ያው እንደምታዩት፣ አልቆብኛል።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። የፈላ ውሃ የተደፋባትን የስድስት ዓመት ልጅ የምታስታውሱ አላችሁ። የቃጠሎ ስፋት የሚገመተው በታካሚው በራሱ መዳፍ ነው፤ አንድ መዳፍ አንድ በመቶ። እኔ ቸኩዬ በራሴ መዳፍ ለካሁና "ዘጠኝ" አልኩ። የሚሰጣት ፈሳሽም በዚያው ልክ ሊታዘዝ ነው። ሲስተር እጄን ያዙኝ።

"የማንን መዳፍ ነው የምትቆጥረው? በልጅቷ ይለካ።"

"ሥራዬን አያስተምሩኝ!" ብዬ በሰው ፊት ጮህኩባቸው።

ንቅንቅ አላሉም። ለካሁ፤ አሥራ ስምንት ሆነ። ከሚያስፈልጋት ግማሹን ልሰጣት ነበር። በእጄ ልትሞት ነበር።

ልጅቷ ድና ስትወጣ ወላጆቿ እግሬ ላይ ሊወድቁ ደረሱ። "ልጃችንን ያተረፉልን እርስዎ ነዎት" አሉኝ። እኔም ምስጋናውን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ሲስተር፣ እርስዎ አጠገቤ ቆመው ነበር። ትንፍሽ አላሉም። እስከ ዛሬም አንድ ቀን አላነሱብኝም። በጥቃቅኑ ሁሉ ልቤን ሲያወልቁ ኖረው ለዚህ ዝም! ከሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው።

ትናንት ለወላጆቿ ደወልኩ። "ያተረፍኳት እኔ አይደለሁም" ብዬ ስምዎን ነገርኳቸው። አሁን ደግሞ በሁሉ ፊት እላለሁ፦ ይቅር ይበሉኝ። አመሰግናለሁ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ! ሲስተር፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ ዕድሜዎ ይርዘም፣ እንቅልፍ ይጥገቡ። እኔ ግን ነገ ጠዋት አዲስ ታካሚ ሲመጣ ብቻዬን ልለካ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈርቻለሁ።

ለጤናዎ!