የሰጠኋት ቅርንጫፍ

ክቡራትና ክቡራን፣ የማተሚያ ቤታችን ልጆች፤

ሥራ አቁማችሁ እኔን ልትሸኙ ስለተሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ኃላፊያችን "ደግ ሰው ነው" ሲሉኝ ግን መቀመጫው ቆረቆረኝ። አራት ዓመት የደበቅሁት በደል አለኝ። የበደልኳት እዚሁ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ አራሚያችን ናት። ልናገር ብዬ አስፈቅጃታለሁ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ደጃችን ላይ አንድ ቀይ ጽጌረዳ በዱር ጽጌረዳ ሥር ላይ አዳቅላ ነበር። ቅጠሉን እንደ ሕፃን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። ካረፈች በኋላ ሥራው ለእኔ ቀረ። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ አጠገቡ ስቆም፣ አበባው ይተንፍስ እሷ ትተንፍስ አላውቅም፤ ብቻ ደጁ ሁሉ እሷን እሷን ይሸታል። አንዳንዴ የውኃ ጎማውን እንደያዝኩ እቀራለሁ። ውኃው ጫማዬን ሲሞላው ነው የምነቃው።

አንድ ቀን አራሚያችን፣ "ጋሼ፣ እትዬ ከተከሏት ጽጌረዳ አንድ ቅርንጫፍ አይሰጡኝም? እኔም ደጄ ላይ ልያት" አለችኝ።

እምቢ ማለት አፈርኩ። መስጠትም አልሆነልኝም። የባለቤቴ አበባ ሰው ግቢ ሲስቅ ታየኝና ቀናሁ። በአበባ የሚቀና ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የተዳቀለ ጽጌረዳ ከሥሩ የዱር ቀንበጥ ያወጣል፤ እሾህ እንጂ ይህ ነው የሚባል አበባ የለውም። እሱን ቆርጬ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋት። የማንንም ስህተት የማታልፈው አራሚ የእኔን አመነች።

አራት ዓመት አጠጣች፣ ኮተኮተች። "ዛሬስ?" ስንላት፣ "እሾህ ብቻ! እጄ ነው መሰለኝ" ትላለች። "ደረቅ እጅ" የሚል ስም ወጣላት። የማሽን ሠራተኛው "አንቺማ ድንች ብትተክዪ ድንጋይ ነው የሚበቅልልሽ" ሲላት አብሬ ስቄያለሁ። እሷም ሳቀች፤ እጇን ግን ከጠረጴዛው ሥር ስትደብቅ አየሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ በጸሎቴ ይቅርታ ስለምን ቃሉ አፌ ላይ ይቀራል።

ልጆቼ፣ እጇ ደረቅ አይደለም። ያንን ስም ዛሬ አንሱላት። እናንተንም ፈጣሪ በጤና ያቆያችሁ፤ የተከላችሁት ይጽደቅላችሁ፤ እንደ እኔ አንዲት ቅርንጫፍ አራት ዓመት ከመሸከም ይሰውራችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ደጇ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። "አራት ዓመት ሙሉ እጄን ስረግም!" አለችኝ፤ እንባዋ ሞልቶ።

"ምቺኝ" አልኳት።

"በዚህ በደረቅ እጄ?" አለችና እንባዋን ጠርጋ ሳቀች። "በሉ አሁን ይነቀል።"

አይነቀልም አልኩ። በእሷ ውኃ ግንዱ የአውራ ጣቴን ያህል ወፍሯል፤ ሥሩም መሬቱን ነክሶ ይዟል። እንዲህ ባለ ሥር ላይ የቀዩ ጽጌረዳ ዓይን፣ ያቺ ቀንበጥ የሚወጣባት ጉጥ፣ ከተጣበቀ የሚወጣው ቀዩ ነው። ተንበረከክሁ። በመጽሐፍ መጠረዣ ቢላዬ ቅርፊቱን ሰነጠቅሁ፤ ከባለቤቴ ጽጌረዳ ያመጣሁትን ዓይን ከነልጣጩ አስገባሁና በላስቲክ አሰርኩት።