ኦሪገን ላይ የደረስኩት ለቅሶ

እናንተዬ፣ ልጄ ከምንኖርበት ከተማ ከአውሮራ አውጥታ ኦሪገን ወሰደችኝ፤ ከገደል አፋፍ ያለች፣ ከባሕርና ከንፋስ በቀር ጎረቤት የሌላት ትንሽ ሆቴል። ጠዋት ሳሎን ብገባ እንግዳው ሁሉ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ዝም ብሏል። የሆቴሉ ባለቤት ሴትዮ ዓይኗ ቀልቷል። ወይኔ፣ ለቅሶ ቤት ነው ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

ልጄ ደርሳ «ማሚ፣ ምን ሆነሻል? ዌል እኮ ነው የሚጠብቁት! ያ ተራራ የሚያክለው ዓሣ!» አለችኝ። አፍሬ ልነሳ ስል ሴትዮዋ እጄን ይዛ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ልጄ በእንግሊዝኛ የምትለውን ሰማቻትና ደነገጠች። «ባሏ በቅርቡ ሞቶባታል። ‹ለእንግዶቹ አልተናገርኩም፣ እናትሽ በምን አወቀች?› ትላለች» አለችኝ።

ነጠላዬን ሳላቃና አብሬያት ዋልኩ። አውሮራ ማን ከማን ተኳረፈ በሉኝ፣ እነግራችኋለሁ። ይሄን ለእኔ ማን እንደነገረኝ ግን እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው።