ጆሮ ቆራጣዋ

በጣልያን ጊዜ ነው። ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ በካሚዮን ተጭነን ስንሄድ ከአንዲት ሴት ቅርጫት ውስጥ ድመት ጮኸች። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ ዞሩ።

«ከየት አመጣሻት ልጄ?»

«ከተቃጠለው መንደር፣ አባቴ። ሰው ሲሸሽ ድመቶቹ ቀርተው አውሬ ሆኑ። ዶሮ ስለሚበሉ ጎረቤቱ ሁሉ በመርዝ እንፍጃቸው ይላል።»

«አንቺስ?»

«ወተት እያስለመድኩ አንድ በአንድ ይዤ፣ አይጥ ላስቸገረው ሰው እሰጣለሁ። ቤቱን እስኪለምዱ ምሰሶ ላይ ይታሰራሉ።»

«ሁሉም ይያዙልሻል?»

«አንዲት ጆሮ ቆራጣ ብቻ እንቢ አለችኝ። ከአንድ ቤት አመድ ላይ አትነሳም።»

«ግራጫ ናት?»

«ያውቋታል እንዴ?»

«እግሬ ሥር ነበር የምትተኛው።»

ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጧት።

«ይኸን አንጥፊላት። ጠረኔን ታውቀዋለች።»

«ራስዎ ቢመጡላትስ?»

«ያን አመድ ዳግመኛ ማየት አልችልም፣ ልጄ።»

የጋቢዬን እኩሌታ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ጣል አደረግሁና እስክንወርድ ድረስ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።