ከአራት ያነሰው ሃያ አምስት

ሃያ አምስት ከአራት እንዴት ሊያንስ ይችላል? እኔ እስካሁን አልገባኝም። ሕፃን ልጄን መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ በየወሩ አስመዝናታለሁ። ባለፈው ወር ካርዷ ላይ «5.25 ኪሎ» ተጻፈ፤ በዚህ ወር ደግሞ «5.4»። ቤት ገብቼ ሳነበው፣ ሃያ አምስቱ ወርዶ አራት ሆኗል። እያለቀስኩ ለአማቴ ነገርኳቸው። «ልጅ እንደ በግ ጠጉር ይመዘናል? ሚዛኑ ነው የበላት! ሁለተኛ እንዳትወስጃት!» አሉኝ።

እሳቸው ለቅሶ ሲሄዱ ልጄን አዝዬ ተደብቄ በጤና ጣቢያው ወደሚያክመው ድሬሰር ሮጥኩ። «ልጄ እየከሳች ነው፣ መድኃኒት ይስጡኝ!» አልኩት። ካርዱን አይቶ፣ «ኧረ እቴ፣ ጨምራለች!» አለና ከአራቱ ኋላ ዜሮ ጻፈ። ነጥቡን ከነጥቡ ሥር አስተካክሎ 5.25ን ከ5.40 ቀነሰ፤ 0.15 ቀረ።

«ይኸ ዜሮ የልጄ ሥጋ ነው ወይስ የብዕርዎ?»

«ዜሮውማ ምንም አይጨምርም።»

«ታዲያ ምንም ካልጨመረ ለምን ጻፉት?»

ሳቀ። «አራቱ፣ አንድ ኪሎ አሥር ቦታ ተከፍሎ ነው። ሃያ አምስቱ ግን መቶ ቦታ ተከፍሎ ነው፤ ቁራሹ ትንንሽ ነው» አለኝ። ሁሉም ባይገባኝም የልጄን ጭን ዳሰስኩና አመንኩት። አማቴ ግን፣ ቤት ገብቼ መሄዴንም የሰማሁትንም ስነግራቸው፣ «ሃያ አምስት እንቁላልና አራት እንቁላል አምጪና የቱ እንደሚበልጥ አሳዪኝ» አሉኝ።

የሚቀጥለው ምዘና ደርሷል። እንደገና ተደብቄ መሄድ አልችልም፤ ሳትመዘን እንድትቀርም አልፈልግም። ፊደል ላልቆጠሩ ትልቅ ሰው ይህን በምን ላስረዳቸው? እባካችሁ ምከሩኝ።