የማይረጋው ደም

ሽበታሙ ሥጋ ሻጭ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ እንደ ቆመ፣ ጋዋን የለበሰች ወጣት ሐኪም ብቅ አለች። አተኩሮ አያት። ልጅ ሳለች ከሱቁ ደጃፍ የማትጠፋው የጎረቤቱ ልጅ ናት።

«ቅልጥሜ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«እኔው ነኝ ጋሼ። ያን ስም እዚህ ጮክ ብለው አይጥሩት እንጂ።» ፈገግታዋ ወዲያው ከሰመ። «ባለቤትዎን፣ እትዬን፣ የማክማቸው እኔ ነኝ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት እርስዎ እምቢ አሉ ሲሉኝ ነው የወጣሁት።»

«አዎ፣ እምቢ ብያለሁ። ከደም ጋር ነው ያረጀሁት። የታረደ ከብት ደሙ ቶሎ ካልረጋ ሥጋውን አልሸጥም፤ ታሞ ነበር ማለት ነው። ነርሷ ከሚስቴ የቀዳችውን አየሁት፣ እንደ ውኃ ነው። ድዷም ይደማል። እናንተ ደግሞ ጭራሽ እናቅጥነው ትላላችሁ። ልትጨርሷት ነው?»

ንግግሩ ቁጣ ይምሰል እንጂ ፍርሃት ነበር። ሚስቱን ምስማር ሲወጋት «ተይው፣ ይሽራል» ብሎ ያዘገያት እሱ ነው። ሁለተኛ ስሕተት የሚሸከምበት ትከሻ አልነበረውም።

«ያዩት እውነት ነው» አለች ሐኪሟ። «ግን ለምን አልረጋም? የቁስሉ መርዝ ደማቸው ውስጥ ገብቶ፣ ደሙ በቀጫጭኑ የደም ሥር ሁሉ ከውስጥ እየረጋ ነው። የሚያረጋው ነገር እዚያ አለቀ፤ ለውጭው ምን ይተርፋል? የእግራቸውን ጣቶች አይተዋል?»

አላየም። ይዛው ገባችና ብርድ ልብሱን ገለጠችለት። ትንሿ ጣት ጠቁራለች፣ ሌሎቹም ጠቆር ብለዋል። ዳሰሳቸው። ያን ቅዝቃዜ ከሱቁ ያውቀዋል፤ እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

«መድኃኒቱስ መድማቱን አያባብስም?»

«ሊያባብስ ይችላል፣ አልዋሽዎትም። ለእንዲህ ያለ በሽተኛ ሁሉ አይሰጥም፤ እኛም ሐኪሞቹ እንከራከርበታለን። ዋናው ሕክምና ቁስሉን ማጽዳትና ተህዋሱን የሚገድለው መድኃኒት ነው፤ እሱ ተጀምሯል። እትዬን ግን ከመድማቱ ይልቅ መርጋቱ ነው የጎዳቸው። በትንሹ ጀምረን ደማቸውን እየደጋገምን እንመረምራለን። ከባሰ እናቆመዋለን።»

«ማን ነው ቁጭ ብሎ የሚያያት?»

«እኔ።»

ብርድ ልብሱን በሚስቱ እግር ላይ መለሰ። «ቅልጥም ካልመረቅኽልኝ ከበርህ አልነቃነቅም ትዪኝ ነበር» አለ። «ዛሬም እንደዚያው ሁኚ። ስጧት።»

ሰንብቶ ድዷ መድማቱን ተወ፣ እግሯ ሞቀ፤ ከትንሿ ጣት በቀር ሁሉም ተረፉ። «ከደም ጋር ያረጀው ሰውዬ» ትለዋለች ሚስቱ አሁን፣ «እግሬን ማየት ረስቶ።» እሱም ይስቃል። ነገር ግን ቁስሉ ያበጠ፣ ትኩሳት የያዘው ደንበኛ ከመጣ ቢላዋውን ያስቀምጣል። «ሥጋው ይቆይሃል፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት። መርዙ ደም ውስጥ ሳይገባ የደረሰ ሰው ይህን ሁሉ መርፌ አያይም። ከገባም ጠይቅ፣ ሲነግሩህ ደግሞ ስማ» ይለዋል።

ከሚዛኑ ጀርባ አንድ ቅልጥም ሁልጊዜ ተለይቶ ይቀመጣል። የማን እንደሆነ ለጠየቀው «የሐኪሜ ነው» ይላል።