አሳብ የሚያበቅል ልብ

ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.። ጋሽ ገሠሠ ከዛሬ ጀምሮ መዓሽ፣ ማለትም ጡረታ፣ ወጥተዋል።

ደብዳቤው ላይ ማኅተም ያረፈበት ነገር ይኸው ነው። በዚህ ስንብት ላይ የቀረው የእኔ የራሒማ ወሬ ስለሆነ፣ ጋሼ፣ አይቆጡኝ።

ጋሼ እዚህ ላብራቶሪ የመጡ ቀን ኃላፊያችን ዶክተር ሉጥፊ ሥራውን በዐረብኛ አስረዷቸው። «የአይጧን የልብ ደም ሥር እናስራለን። ደም ያነሰው ሥጋ ፕሮቲን ያመነጫል። በዚያ ፕሮቲን ዐሰብ ይበቅላል።» ዐሰብ በዐረብኛ ነርቭ ነው። ጋሼ የሰሙት ግን የእኛን አሳብ ነው። በር ላይ ያዙኝና፣ «ራሒማ፣ እኒህ ሰውዬ ደኅና ናቸው? ደም ያጣ ልብ አሳብ ያበቅላል ይላሉ» አሉኝ።

«ታዲያ ምን አሏቸው?»

«ይህንማ እኔም አውቀዋለሁ አልኳቸው!»

ይኸው ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ነርቭ የሚል ሰው የለም። ዶክተር ሉጥፊ ራሳቸው እንደ አጎት እየጠሯቸው «ያ ዐም ገሠሠ፣ የዛሬው አሳብ እንዴት ነው?» ይላሉ።

ጋሼ ማይክሮስኮፑ ላይ ካቀረቀሩ መብራት ቢጠፋም ቀና አይሉም።

«በጨለማ ምን ያያሉ?»

«ዝም በይ፤ እየበቀለ ነው።»

«የደረቀ ሥጋ ይበቅላል እንዴ?»

«አንቺ ስታወሪ ይቆማል።»

አንድ ቀን እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሞተው ሥጋ ዳር ዳር ቀጫጭን ቡናማ ክሮች። ዋልካው ተሰነጣጥቆ ከርሞ ዝናብ ሲነካው ከስንጥቁ እንደሚወጣ ሣር ናቸው። የጠራቸው የተጎዳው ቦታ ራሱ ነው። ብዙ ቆይቼ አየሁ። ቀና ስል ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር።

አሁን ቀልዱን ልተው፣ ጋሼ። ክሮቹ ሲበዙ ልብ ምቷን እንደምትስት እርስዎም ያውቃሉ። አምና በማሽላ አጨዳ ወቅት የእርስዎም ልብ ደም አጥሯት ተኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ቆም ብለው ደረትዎን ይይዛሉ። «ምን ሆኑ?» ስልዎ «አሳብ ነው» ይላሉ። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ነገ ባሱንዳ ገጠር ልጅዎ እርሻ ይገባሉ፤ እርሻው አጠገብ ሐኪም የለም። የልብ ምትዎን ደረትና እግር ላይ በሚታሰረው ማሽን እናንሳ ብል አንዴ ጾም ነው ይሉኛል፣ አንዴ ካልሲዬ ተቀዷል ይሉኛል።

ለማይክሮስኮፑ ሥጋ በስሱ መቁረጥ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እናቴ ስታርፍ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር ድረስ አብረውኝ የሄዱትም እርስዎ ነዎት። አመሰግንዎታለሁ።

የከርከዴ ብርጭቋችሁን አንሱ! ለጋሽ ገሠሠ! የባሱንዳ ነፋስ ይስማማዎት። እንቅልፍዎ ሰላም ይሁን፤ ሲነቁም የሚጠብቅዎት ሰው አይጥፋ።

ምን አሉ፣ ጋሼ? ጮክ ይበሉ፣ ሰው ይስማ።

«ለማሽኑ ልተኛልሽ»? አሁን? አሁን! ዶክተር፣ መብራት ሳይሄድ ማሽኑን ይሰኩት። ካልሲውን አውልቁላቸው፣ የተቀደደም ቢሆን። ደረት ላይ የሚቀባው ጄል አልቋል፤ እታች ፋርማሲ ደርሼ ልምጣ። እናንተ ጠጡ። በሩን ብቻ ያዙልኝ፣ ጋሼ እንዳይወጡ!