የኤልዳና የካርቶን ቤት

አዳማ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ተካልኝና ባለቤቱ ውብአለም በረንዳቸው ላይ ከፈረሰ የካርቶን ቤት አጠገብ ቆመዋል፤ ትንሿ ልጃቸው ኤልዳና መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች።

ውብአለም፦ ግባና አናግራት አልኩህ እኮ!

ተካልኝ፦ ነገ ሌላ ካርቶን አመጣላታለሁ። ፍሪጅ የሚሸጡት ልጆች ቃል ገብተውልኛል፤ ከዚህ የሚበልጥ ቤት እሠራላታለሁ።

ውብአለም፦ ካርቶን መች ጠየቀችህ?

ተካልኝ፦ ታዲያ ምን ልበላት?

ውብአለም፦ ለእንግዳህ ለሲሳይ ሲሆን አፍህ ተፈትቶ የለ? ለልጅህ ሲሆን ነው የሚተሳሰረው?

ተካልኝ፦ ቀስ በይ፣ ትሰማለች።

ውብአለም፦ «ትሰማለች» ማለት ያኔ ነበር!

ተካልኝ፦ ካርቶኑ ቤት ውስጥ መኖሯን በምን አውቄ? ጎረቤት የሄደች መስሎኝ ነው።

ውብአለም፦ እንግዳ መጣ ሲባል ሮጣ የገባችው ቤቷን ልታሰናዳ ነው። ያንን የሠራህላትን የካርቶን ሶፋ አስተካክላ፣ «አባዬ እንግዳውን ወደ እኔ ቤት ያመጣዋል» ብላ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ነበር።

ተካልኝ፦ ተይኝ በቃ፣ ውቤ።

ውብአለም፦ አልተውህም። ምን ነበር ያልከው? እስቲ ድገመው።

ተካልኝ፦ ሲሳይ ሳቀብኝ! ፎርማን ሆኜ ሳዝዘው የነበረ ሰው ነው፤ ዛሬ እሱ ሌላ ሕንፃ ላይ ፎርማን ሆኗል። «ይሄን ደግሞ ማን ሠራው?» ሲለኝ... የእኔ ሕንፃ ሥራው ከቆመ ወዲህ ቤት ቁጭ ብዬ ካርቶን ስቆርጥ እንደምውል እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም።

ውብአለም፦ እና?

ተካልኝ፦ «የሰፈር ልጆች የጣሉት ቆሻሻ ነው» አልኩት።

ውብአለም፦ እና?

ተካልኝ፦ በእግሬ ገፋ አደረግሁት።

ውብአለም፦ ገፋ አደረግሁት? ጣሪያው ላይዋ ላይ ተደረመሰ እኮ!

ተካልኝ፦ ከሥሩ ወጣች። ፀጉሯ ላይ ስኮች ተጣብቆባታል። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሲሳይን ጎንበስ ብላ ሰላም አለችውና ገባች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ውብአለም፦ መስኮቱን በእርሳስ እየለካህ፣ እሷ ደግሞ «አባዬ፣ በሩ በዚህ በኩል ይሁን» እያለች ስታዝህ፣ እኔ ኩሽና ሆኜ እሰማችሁ ነበር። ሥራህ ከቆመ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁህ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ተካልኝ፦ እሱም እኮ ነው ያሳፈረኝ። ይሄን የሚያህል ሰውዬ ሆኜ በካርቶን ቤት ደስ ሲለኝ ሊታይብኝ ነው ብዬ...

ውብአለም፦ ግባና ይሄንኑ ንገራት።

ተካልኝ፦ በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ውብአለም፦ እንግዲያው ስማ። ከደቂቃዎች በፊት፣ አንተ ጓሮ ሳለህ፣ የጎረቤት ልጆች በመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል መጥተው ነበር። «ቤትሽን ማን አፈረሰው?» አሏት።

ተካልኝ፦ ምን አለቻቸው?

ውብአለም፦ «እኔ ነኝ፤ ስዘል ፈረሰብኝ» አለች።

ተካልኝ፦ እሷ? ለምን?

ውብአለም፦ እኔም ጠየቅኋት። «አባዬ እንዳያፍር» አለችኝ።

ተካልኝ፦ ሲሳይ ወዴት ሄደ?

ውብአለም፦ እህቱ ቤት፣ እዚሁ ማዶ። ምን ሊያደርግልህ?

ተካልኝ፦ ኤልዳናን ጥሪያት። ቆይ፣ ራሴ ገብቼ እጠራታለሁ። «ያንን ቤት የሠራሁትም ያፈረስኩትም እኔ ነኝ» ብዬ ለሲሳይ ስነግረው፣ እጄን ይዛ ትስማ።